ከድንጋይ የሚወጣ አረፋ

ከአማቱ ጋር የተጣላ ሰው ሞልቷል። አማቱ በከዘራ ያባረሩት ሰው እንኳ አውቃለሁ፤ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ ሕንፃ ይኖራል፣ እስካሁን ሲያነክስ አየዋለሁ። የአየር ሲሊንደር ጀርባው ላይ ታስሮ፣ መዋኛ ገንዳ ወለል ላይ፣ በገዛ አማቱ እጅ የታነቀ ሰው ግን ከራሴ በቀር አላጋጠመኝም። እናንተ የምታውቁት ካለ አገናኙኝ፤ የምንጫወተው አናጣም።

በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። እንዳልካቸው እባላለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ከአፌ ይቀድማል። እናቴ «ይኼ ልጅ ሲወለድም ቡጢ ጨብጦ ነው የወጣው» ትል ነበር። ቶሮንቶ በመጣሁ በዓመቱ ኢቶቢኮ ካለ አንድ መጋዘን የተባረርኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ለቀልድ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። ማን መሆኑን ሳላይ ዞሬ አፍንጫውን አልኩት። ልጁ መሆኑን ያወቅሁት ደሙ ካርቶኑ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። አለቃችን «ለምን መታኸው?» ሲለኝ «ከኋላ ስለመጣ» አልኩት። ለእኔ በቂ መልስ ነበር። ለእሱ አልበቃውም፤ ዕቃዬን ሸክፌ ወጣሁ።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ሰብለ ያገባችው። ሰብለ በልጅነቷ መጥታ ዌስተን ሰፈር ያደገች ናት፤ ከምድር ይልቅ ውሃ ይስማማታል። ከቧንቧ በቀር ውሃ ሳላይ ያደግሁትን ሰውዬ መጀመሪያ ዋና አስተማረችኝ፣ ቀጥላ የስኩባ፣ አየር ተሸክሞ የመጥለቅ፣ ኮርስ አስገባችኝ። ፍቅር የማያስገባህ ቦታ የለም። እኔን የባሕር ወለል ድረስ አስገባኝ።

አባቷን ጋሽ ተፈራ እንላቸዋለን። በደርግ ጊዜ አሰብ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ዋናተኛ ነበሩ። ቶሮንቶ ውስጥ ግን የሕንፃ ጥበቃ ሆነው ነው ጡረታ የወጡት፤ ውሃ ከሚጠጡትና ከሚታጠቡት በቀር ነክተው አያውቁም። ሐይቁ ዳር ሽርሽር እንኳ ስንወጣ መኪና ውስጥ ይቀመጣሉ። የሰብለ እናት ካረፉ ወዲህ ደግሞ ዌስተን አፓርታማቸው መስኮት ሥር ወንበር ስበው ወደ ኤርፖርት የሚሄደውን ባቡር ሲያዩ ይውላሉ። አይጫወቱም፣ ሰው አይጠይቁም፣ ስልክ አያነሱም። ሰብለ አንድ ቀን እያለቀሰች «አባዬ እዚያ ወንበር ላይ እየሞተ ነው፤ እኛ ደግሞ ሳምሶናይት ይዘን ቫኬሽን ልንሄድ ነው» አለችኝ። ከዚያ ያገኘችው መላ እሳቸውንም ይዘን እንሂድ የሚል ነው። ባሕር ነበር ሕይወታቸው፤ ባሕር ይመልሳቸዋል አለች። ስትጠይቃቸው፣ እስኪገርማት ድረስ፣ «እሺ» አሉ። ለምን እሺ እንዳሉ ያኔ አላወቅንም።

ያን ቅዳሜ ምሳ በልተን፣ እሳቸው ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ሻይ ይዘን ቦታ መምረጥ ጀመርን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኢቶቢኮ አንድ መዋኛ ገንዳ ከአሠልጣኝ ጋር ቀጠሮ ነበረን፤ ሐኪማቸው ፈቅዶላቸው ስለነበር ጋሽ ተፈራ የረሱትን እንዲያስታውሱ ነው። ውጪ በረዶ ይጥላል። ሰብለ ላፕቶፗን ከፈተች።

«ይቺ ደሴት ዶሚኒካ ትባላለች፣ ካሪቢያን ላይ ናት። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አይደለችም፣ ሌላ ናት። ሙሉዋን እሳተ ገሞራ ነው የፈጠራት። ዳይቩ ደግሞ አሜዚንግ ነው።»

«አሸዋ አላት?» አልኩ።

«አላት። ጥቁር።»

«ጥቁር አሸዋ ምን ያደርግልናል? ከሰል ለማየት ነው ይኼን ሁሉ መንገድ የምንበረው? ኩባ ይሻላል። ኦል ኢንክሉሲቭ። ትበያለሽ፣ ትጠጫለሽ፣ ትተኛለሽ።»

«ለመተኛት ኩባ ምን አስኬደህ? ሬክስዴል አልጋ አለህ አይደል?»

ጋሽ ተፈራ ፈገግ አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሳቸውን ማየቴ ስለሆነ ሽንፈቴ አልቆጨኝም።

«አባዬ፣ ይኼን ቪዲዮ እይ» አለች ሰብለ ወንበሯን ወደ እሳቸው ስባ። «ይኼን አረፋ እየው…»

ስክሪኑ ላይ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከድንጋዩ መሐል ነጭ አረፋ ሽቅብ ይወጣል። ሌላ ምንም የለም፤ ዓሣም የለም፣ ሰውም የለም። ጋሽ ተፈራ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ እጃቸውን አንስተው ላፕቶፑን በኃይል ከደኑት። የሰብለ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ነበሩ። ጮኸች። እሳቸው ግን ጩኸቱን አልሰሙም፤ ክዳኑን ወደ ታች መጫናቸውን ቀጠሉ።

ደሜ ፈላ። ብድግ ስል ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይኼን ገጠመኝ የምጽፈው ከእስር ቤት ነበር። አማቴ ናቸው። ሠርጋችን ዕለት ጉልበታቸውን ስሜ የመረቁኝ ሰው ናቸው፤ ያም ገና ስድስት ወር አልሞላውም። እጃቸውን ያዝኩና «ጋሼ፣ ጣቷ! ጣቷ!» አልኩ። ያኔ ነቁ። የልጃቸውን እጅ ይዘው ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳሙ። የመሐል ጣቷ ጥፍር ወዲያው መጥቆር ጀምሯል።

«ዋት ኢዝ ሮንግ ዊዝ ዩ፣ አባዬ? ምን ነካህ?» አለች እያለቀሰች።

«ይቺ አትሆንም» አሉ። «ሌላ ፈልጉ። ጥቁር ድንጋይ ያለበት አልሄድም።»

«ለምን?»

«አልሄድም አልኩ።»

እዚያው መተው ነበረብን። ግን ቀጠሮው አለ። እሳቸውም ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው «እንሂድ እንጂ» ሲሉ፣ ሰብለ ይኼ ራሱ ትልቅ ነገር ነው ብላ ጣቷን በበረዶ ጠቅልላ ተከተለች። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባል የለ፤ እንደዚያ ሄድን።

አሠልጣኙ ፓውሎ የሚባል፣ አንገቱ የበሬ የሚያህል ፖርቱጋላዊ ነው። ጋሽ ተፈራ የመጥለቂያ ዕቃውን ሲያገጣጥሙ ቆሞ አያቸውና ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ሰቀለ። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ሰው ሆኑ። ዌስተን ወንበር ላይ የተጣጠፉት ሽማግሌ ተዘረጉ፤ እኔ ውሃ ውስጥ እንደ ወደቀ ድመት ስንፈራገጥ እሳቸው እግራቸውን ብቻ እያወዛወዙ አለፉኝ። ሰብለ ገንዳው ዳር ተቀምጣ በስልኳ ትቀርጻለች። ስታየን ሳቀች፤ ጣቷን ረስታዋለች።

ከዚያ ፓውሎ የመጨረሻውን ልምምድ አስረዳን። ከሁለት ጠላቂዎች አንዱ አየር አለቀበት እንበል፤ አየር ያለቀበት እኔ ነኝ። መተንፈሻዬን ከአፌ አውጥቼ ወደ ጋሽ ተፈራ እዋኛለሁ፣ መጠባበቂያ መተንፈሻቸውን ወስጄ አብረን እንወጣለን። «ከፊት ሂድ» አለኝ ፓውሎ አጥብቆ። «ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ምልክቱን አሳየው።» ምልክቱ በመዳፍ አንገትን የመቁረጥ ምልክት ነው። አየር አልቆብኛል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፍረዱኝ። እኔ ያደግሁት በትልቅ ሰው ፊት አይታለፍም፣ በኋላ ዙር፣ ትልቅ ሰው ዓይን ውስጥ አትመልከት እየተባልኩ ነው። አንገትን በመዳፍ የመቁረጥ ምልክት ደግሞ እኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አርድሃለሁ ማለት ነው። ስድስት ወር ባልሞላው አማችነቴ፣ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ዓይናቸውን አፍጥጬ እያየሁ ለአማቴ አርድሃለሁ ልበል? ለፓውሎ «እሺ» አልኩት። በልቤ ግን በኋላ ዞሬ፣ በትህትና ትከሻቸውን ነካ አድርጌ፣ መጠባበቂያውን ከጎናቸው ቀስ ብዬ ለመውሰድ ወሰንኩ።

ወረድን። የገንዳው ጥልቅ ጫፍ ወለል ላይ ጋሽ ተፈራ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተንበርክከዋል። ፓውሎ ከሩቅ ጀምር ብሎ በእጁ ጠቆመኝ። መተንፈሻዬን አወጣሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ በኋላ በኩል ዞርኩ። ፓውሎ እጁን ሲያወናጭፍ አይቼዋለሁ። ቀስ ብዬ የቀኝ ትከሻቸውን ነካሁ፤ ሌላው እጄ መጠባበቂያውን ፍለጋ በደረታቸው በኩል አለፈ።

መጀመሪያ ክርናቸው ጎድኔ ውስጥ ገባ። ሲሰበር ሰማሁት፤ ውሃ ውስጥ የገዛ አጥንትህ ድምፅ በጆሮህ ሳይሆን በጥርስህ ነው የሚሰማህ። ይዤው የነበረው ትንፋሽ በሙሉ በአንዴ ወጣ። ዞሩ። ማስኬን ነቅለው ጣሉትና ግንባራቸውን አፍንጫዬ ላይ አሳረፉት። ደሜ ፊቴ ላይ እንደ ጭስ ሲበተን በደበዘዘው ዓይኔ አየሁ። ቀጥሎ ማንቁርቴን ያዙ። በአንድ እጃቸው ነው የያዙት፤ አውራ ጣታቸው ቦታውን ሳይፈልግ አገኘው። በሌላው እጃቸው የራሳቸውን መተንፈሻ አፋቸው ላይ ጠብቀው ይዘዋል። ይኼ ዛሬም ድረስ ይመጣብኛል። እያነቁኝ እሳቸው ይተነፍሱ ነበር፤ አረፋቸው በፊቴ በኩል ሽቅብ ይወጣል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይወጣል።

ቀኝ እጄ ተጨብጧል። ቡጢዬ ዝግጁ ነበር፤ በሕይወቴ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ከሥራ የቀረ ቡጢ አይደለም። መንጋጋቸው ፊት ለፊቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ምንም ያላደረገኝን ሰው ሁሉ ስመታ ኖሬ፣ ልሞት ስል ግን «አማትህን ልትመታ?» የሚል ድምፅ መጣብኝ። ሰው ምን ይላል? ሰብለ ነገ ፊቴን እንዴት ታየዋለች? በደረቴ አየር የለም፣ ጉሮሮዬ እየተዘጋ ነው፣ እኔ የማስበው ይሉኝታ ነው። አትሳቁ፤ ሰው ያደገበትን ይዞ ነው የሚሰምጠው።

ፓውሎ ደርሶ ክንዳቸውን ከኋላ ያዘ። እሱም ከኋላ! ጋሽ ተፈራ ሳይዞሩ በጭንቅላታቸው ወደ ኋላ መቱት። የማስኩ መስታወት ተሰነጠቀ፣ ከንፈሩ ተተረተረ፤ አፉን ይዞ ወደ ላይ ሸሸ። ውሃው የሁለታችን ደም ሆነ። ጆሮዬ ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ ዓይኔ ከዳር እስከ ዳር እየጠቆረ መጣ።

ያኔ ይሉኝታው ለቀቀኝ። ነፍስ ስትወጣ አማትም አማችም የለም። ልጅ ሳለሁ ከእኔ የሚበልጥ ሲይዘኝ የምጥልበት አንድ ዘዴ ነበረኝ። ወደ ታች ተንሸራትቶ ሁለቱን ጉልበቶች አቅፎ መንቀል። ዘዴው ስቶኝ አያውቅም። ራሴን ጣልኩ፣ ጉልበታቸውን አቀፍኩ፣ ግንባሬን ጭናቸው ላይ ተክዬ ለመንቀል ያለኝን አቅም ሁሉ ሰበሰብኩ። አቅም አልነበረኝም። እንደዚያው ጉልበታቸውን አቅፌ ቀረሁ።

ጣታቸው ተከፈተ።

ቀና ብዬ አላየሁም፤ ማየት አልችልም ነበር። የምነግራችሁ የተሰማኝን ብቻ ነው። ጎንበስ አሉ። በብብቴ ሥር ይዘው አነሱኝ፤ መጠባበቂያውን ሳይሆን ከራሳቸው አፍ ያወጡትን መተንፈሻ አፌ ውስጥ ወሸቁት። ሳልኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ተነፈስኩ። እሳቸው ያለ አየር እኔን እየገፉ ወጡ።

ገንዳው ዳር ላይ በሆዴ ተኝቼ ውሃና ደም አስመለስኩ። ሰብለ እየጮኸች መጣች። «አረፋው ሲወጣ እያየሁ ነበር!» ትላለች ደጋግማ። «አረፋው ደህና ይወጣ ነበር፤ ደህና ናችሁ ብዬ ነው፤ እየቀረጽኩ ነበር!» ጋሽ ተፈራ ይኼን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ በፊት ሰው ሞተ ሲባል እንኳ እንደዚያ ሲሆኑ አላየሁም።

ፓውሎ በአንድ እጁ ከንፈሩን በፎጣ ይዞ በሌላው ስልኩን አንሥቷል። «ፖሊስ ልጥራ» አለ። «ይኼ ሰው ሊገድልህ ነበር። ልምምድ አልነበረም፤ አይቻለሁ።»

«ቤተሰብ ነው» አልኩት በተዘጋ ጉሮሮዬ። «ከኋላ መጥቼበት ነው። ከፊት ሂድ ብለኸኝ ነበር።»

«ጥራ» አሉ ጋሽ ተፈራ በእንግሊዝኛ። ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። «ኮል ፖሊስ። እውነቱን ነው። ለመግደል ነው የያዝኩት።» ወደ እኔ እያዩ በአማርኛ ጨመሩ፦ «አንተን ግን አይደለም፣ ልጄ።»

ፓውሎ ስልኩን አወረደና ከዚህ በኋላ ሦስታችንም እዚህ ገንዳ ድርሽ እንዳንል ነገረን። የተተረተረው የእሱ ከንፈር ነው፤ ከዚያ በላይ ቢለንም መብቱ ነበር።

ሰብለ በቀጥታ ሆስፒታል ልትወስደኝ መኪናው ውስጥ ገባን። ጋሽ ተፈራ ከኋላ ተቀመጡ። ቁልፉን ልታዞር ስትል «ቆይ» አሉ። «ሞተሩ ሲነሳ አልናገርም። አሁን ልናገር።» በረዶው መስታወቱን ሸፍኖት ነበር፤ ውጪ አይታይም።

በየነ የሚባል የልብ ጓደኛ ነበራቸው። እሱም ጠላቂ ነው። ከአሰብ ወጣ ብላ ካለች፣ ድሮ እሳት ተፍቶ ከጣላት ጥቁር ደሴት አጠገብ፣ ከድንጋይ ጋር የተጠላለፈ የመልሕቅ ሰንሰለት ሊያላቅቁ ሁለቱ ወረዱ።

«አየር አለቀበት» አሉ። «እኔ አላየሁትም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰንሰለቱን እጎትታለሁ። ከኋላዬ መጥቶ መተንፈሻዬን ከአፌ መነጨቀው። ምን እንደያዘኝ እንኳ አላወቅሁም። ማንቁርቱን ያዝኩት። ካወቅሁት በኋላም አለቀቅሁትም፤ አየሩ የአንድ ሰው ነበር። እሱ ወደ ታች ተንሸራትቶ ጉልበቴን አቀፈ። ለመነኝ። ጓደኛዬ ጉልበቴ ላይ ወድቆ ለመነኝ። እኔ ፊቱን ረግጬ ወጣሁ።»

ሰብለ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጀልባው ላይ ወጥቼ ማዕበል ወሰደው አልኩ። ግን ወደ ውሃው ሳይ አረፋ ይወጣል። ቆይቶም ይወጣል። ሲሊንደሩ ውስጥ ትንሽ አየር ቀርቶለት እየተነፈሰ ነው ማለት ነው፤ ብመለስ አገኘዋለሁ። ሌላ ሲሊንደር ጀልባው ላይ ነበር። ፈራሁ። ቁጭ ብዬ አረፋው እስኪያልቅ አየሁ። ይኸው ነው። እናትሽም ሳታውቅ ሞተች። ባሕር እንሂድ ስትይኝ እሺ ያልኩት ምናልባት እዚያው ብቀር ብዬ ነው።»

ጎድኔ ስተነፍስ ይወጋኛል፤ ይኼን ሰው ልጠላው ፈልጌ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። መጋዘን ውስጥ «ከኋላ ስለመጣ» ያልኩት ራሴ ነኝ።

«አባዬ» አለች ሰብለ ቀስ ብላ። «ዛሬ የዘጋኸው ቪዲዮ ላይ ያለው አረፋ የሰው አይደለም። ከድንጋዩ ነው የሚወጣው።»

«ምን?»

«ሥሩ እሳት ስላለ ጋዝ ይወጣዋል። እሳተ ገሞራ ያለበት ባሕር ውስጥ እንደዚያ ነው። ሁልጊዜ ይወጣል። አንተ ያየኸውም እሱ ሊሆን ይችላል።»

በኋላ ማያ መስታወቱ አየኋቸው። ከንፈራቸው «ድንጋዩ» ይላል፤ ድምፅ የለውም። ወደ ፊት ጎንበስ አሉና የሰብለን ትከሻ ያዙ።

«ያችን ደሴት ቡክ አድርጊ» አሉ። «ሌላ ቦታ ከሆነ አልሄድም። ድንጋይ ይተነፍስ እንደሆነ በዓይኔ ልይ።»

ጎድኔ ሲድን፣ በረዶው ሲቀልጥ ሄድን። አስጎብኚያችን የደሴቲቱ ልጅ ነው፤ ውሃ ውስጥ ከፊት ከፊት ይመራናል። እኔ በጋሽ ተፈራ ፊት ለፊት ዋኘሁ፤ ይሉኝታዬን ጀልባው ላይ ትቼው ነው የወረድኩት። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ስንደርስ ሰብለ እንዳለችው ነው። ከየስንጥቁ ትንንሽ አረፋ እንደ ተበጠሰ ዶቃ ሳያቋርጥ ይወጣል። ጋሽ ተፈራ ተንበረከኩና መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አኖሩ፤ ይሞቃል። አረፋው በጣቶቻቸው መሐል አለፈ። አየሩ እስኪቀንስ ከዚያ አልተነሱም።

ጀልባው ላይ ማስካቸውን ሲያወልቁ ሰብለ ፊታቸው ላይ ዓይኗን ተክላ ትጠብቃለች። ዕረፍቱን ልታይ ነው የመጣችው።

«አይደለም» አሉ። «ይኼ ሳያቋርጥ ነው የሚወጣው። የዚያን ጊዜው ይወጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይወጣል። እንደ ሰው።»

ሰብለ ፊቷን ዞረች። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ደም ለዚህ ነበር። ሌላ ነገር ያሰበች ይመስል አባቷን ፎጣ አለበሰቻቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጠይቅህ። ያን ቀን ጉልበቴን ይዘህ ስትለምነኝ በልብህ ምን እያልክ ነበር? በየነም ምን እንዳለኝ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

እስከዚያች ቀን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሰብለም ጭምር። ጉልበታቸውን ይዤ ለምኜ እንደዳንኩ ነው የሚያውቁት፤ ደግሞ ያማረ ነገር ነበር፣ ለምን ላበላሸው? የሚገባቸውን አክብሮት የጠበቀ አማች ሆኜ ቆይቻለሁ። ግን ሰውዬው የጠየቁኝ እውነት ነው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «አልለመንኩዎትም። ልጥልዎት ነበር። ጉልበትዎን ነቅዬ በጭንቅላትዎ ልተክልዎት ነበር። አቅም አጣሁ እንጂ።»

ሰብለ «እንዳልካቸው!» አለች።

ጋሽ ተፈራ አፈጠጡብኝ። ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ሄደ፤ የት እንደሄደ አሁን አውቃለሁ።

«በየነ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በትግል ከመርከቡ ሰው ሁሉ አንደኛ ነበር። ከእሱ ጋር ገጥሞ የቆመ የለም። የሚጥለውም እንደዚያ ነው። ጉልበት አቅፎ። እኔንም ስንት ጊዜ ጥሎኛል።»

ከዚያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣቸው። ጀልባ ነጂው ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። «እየለመነኝ አልነበረም! እየታገለኝ ነበር! ታግሎኝ ነው የሞተው!» እያሉ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይመታሉ። በየነን መግደላቸውን አልካዱም፤ ዛሬም አይክዱም። ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ እግራቸው ሥር ወድቆ ሲለምናቸው የኖረው ሰው ያን ዕለት ተነሥቶ ቆመ።

እናንተዬ፣ ከዚህ ምን ልበላችሁ? በኋላ መዞር ትህትና መስሎኝ ልሞት ነበር፤ እውነቱን ዋጥ ማድረግም አክብሮት መስሎኝ ያን ሰው ከነሸክሙ ልመልሰው ነበር። ይሉኝታ ጥሩ ነው፤ ግን አየር ያለቀበት ሰው ከፊት ይምጣ፣ አንገቱን ያሳይ። ስለ እጄም ከጠየቃችሁኝ፣ ዛሬ ሰው ከኋላ ሲነካኝ ቡጢዬ አሁንም ይጨበጣል። ግን መጀመሪያ ዞሬ ፊቱን አያለሁ። ያን የመጋዘን ልጅም ፈልጌ አግኝቼ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ አፍንጫው ትንሽ ጠመም ብሎ ቀርቷል።

ጋሽ ተፈራ ከመስኮቱ ሥር ተነሥተዋል። ሰው ቤት ይሄዳሉ፣ ስልክ ያነሳሉ። አዲስ ሰው ባገኙ ቁጥር እጄን ይዘው ያስተዋውቁኛል፤ ሰብለ ብታፍርም አይተዉም።

«ይኼ አማቼ ነው» ይላሉ። «አንድ ቀን ሊጥለኝ ነበር።»